በሞቴ የማትል ምራት

እትዬ ናርዶስን የማያውቅ የእፎይታ ቤት ነዋሪ የለም። ወሬ ካለ ታወራለች፣ ወሬ ካጣች ትፈጥራለች። ጋሽ ማክቤል ፀጉሩን በጫማ ቀለም ነው የሚያጠቁረው ብላ ያስወራችው እሷ ናት። የቤቱ ኃላፊ ከምግብ አመላላሽዋ ማሽን ጋር ቀለበት ሊያስር ነው ብላ ሁለተኛውን ፎቅ በሙሉ በሳቅ የገደለችውም እሷው ናት። ወሬው ዞሮ ዞሮ ኃላፊው ጆሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ መዝገብ ስሟ ሲጠራ «ቀልደኛ ናት፣ የምትለው ይጣራ» የምትል ነገር አብራ ትመጣለች። ያኔ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኋላ ነው መዘዙ የመጣው።

እፎይታ ቤት ማለት አራብሳ ዳር ያለው የድሮ ኮንዶሚኒየም ነው። እነ ናርዶስ ልጅ እያሉ ሰው ዕጣ ወጣልኝ ብሎ እልል ያለበት ሕንፃ፣ አሁን ከታች እስከ ላይ አሮጊትና ሽማግሌ ሞልቶታል። ልጅ ሥራ አለው፣ ሥራውም ሩቅ ነው፣ ቤት የሚውል ሰው የሚባል ነገር ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ሁሉ አንድ ሻንጣ ይዞ እዚህ ይገባል። ስማቸው ሲጠራ ለሰማ መዋዕለ ሕፃናት ነው የሚመስለው፤ ሶልያና፣ ማክቤል፣ ሄራን፣ ናርዶስ። ጥርስ የላቸውም እንጂ።

ምግብ የምታመጣው ማሽን ጎማ አላት፣ አንድ ረጅም እጅ አላት፣ የዜና አንባቢ ድምፅ አላት። ስሟ ረጅም ስለሆነ ማንም አይጠራትም። «ምራት» ብላ ስም ያወጣችላት ናርዶስ ናት።

«ምን ልዩነት አላቸው?» አለች። «በር ላይ ትቆማለች፣ አንዴ ብቻ ‹ይበላሉ?› ትላለች፣ አይ ካልሻት ተገላገልኩ ብላ እብስ ነው። ቁርጥ የእኔዋ ምራት!»

ሰዉ ሳቀ፣ ስሙ ቀረ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፣ ነገሩ እውነት ነበራ። ምራት አንዴ ነው የምትጠይቀው። ሁለተኛ አትልም። አዎ ያለ ይሰጠዋል፣ አይ ያለ ደግሞ «ምርጫዎ ተከብሯል» ይባላል፤ ከዚያ ጎማዋ ሲር እያለ ወደሚቀጥለው በር ነው።

አዎ ማለት ደግሞ ለሁሉም አይሆንም። ከናርዶስ ጋር አንድ ክፍል የምትኖረው ሄራን ለምሳሌ ጨዋ ቤት ያደገች ናት። ልጅ ሆና ሰው ቤት ሲሄዱ እናቷ በር ላይ ቆም ታደርጋትና «ብዪ ሲሉሽ በልቻለሁ በይ፤ ሦስቴ ሳይለምኑሽ እጅሽን እንዳትዘረጊ» ትላት ነበር። የረሳች ቀን ጠረጴዛ ሥር ጭኗን ትቆነጠጣለች። ይሄው ሰማንያ ዓመት አለፈው፣ ጭኗ አሁንም ያን ቁንጥጫ ይፈራል። ናርዶስ ግን መርካቶ፣ ሰልባጅ ተራ ነው ያደገችው። እናቷ ምሳ ስታቀርብ ዘጠኝ እጅ ነው ትሪው ላይ የሚወርደው። እዚያ «ይቅርብኝ» ያለ ልጅ እውነትም ይቀርበታል። ስለዚህ ምራት «ምሳ ይፈልጋሉ?» ስትል ናርዶስ ጥያቄው ሳያልቅ «አምጪ! ጨምሪበት!» ትላለች። ከጎኗ ሄራን ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አይ፣ ይቅርብኝ፣ አትቸገሪ» ትላለች።

«ምርጫዎ ተከብሯል።»

እንዲህ እያለ እምቢታው ሲደጋገም መጀመሪያ ሳህኑ ጠበበ። ቀጥሎ ወጡ በሾርባ ተተካ። ቀጥሎ ምራት ራሷ አንዳንዴ ሄራንን እያለፈች መሄድ ጀመረች። መጨረሻ ላይ አልጋዋ ጠርዝ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ቢጫ የበራበት ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ይዛወራል። «የዕረፍት ፎቅ» ነው የሚባለው። እዚያ ጥያቄም የለም። አልፈልግም ያለን ሰው ደጋግሞ መጠየቅ ክብሩን መንካት ነው ይላል የቤቱ ደንብ። ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ያብሱለታል፣ ለስለስ ያለ ዘፈን ይከፍቱለታል፣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ፎቅ በእግሩ የወረደ የለም።

የሄራን ልጆች ደህና ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳው ላይ በምስል ብቅ ይላሉ።

«እማዬ፣ በደንብ ትበያለሽ?»

«ልፈነዳ ነው እንጂ!» ትላለች። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እንዳይወልቅ በክር ጠምጥማዋለች፤ ያን እጇን ብርድ ልብስ ሥር ትደብቀዋለች።

ናርዶስ አልሞከረችም እንዳይባል ሁሉን ሞክራለች። መጀመሪያ ከራሷ ሳህን ታጎርሳት ነበር። «በሞቴ!» ስትላት ሄራን አንዴ እምቢ ትላለች፣ ሁለቴ እምቢ ትላለች፣ በሦስተኛው «አንቺ ሴትዮ ጨቅጫቃ ነሽ» ብላ አፏን ትከፍታለች። ሰንበት አለና ምራት አየች። በሰው እጅ ማጉረስ ንጽሕና አይደለም ተባለ። ከዚያ በኋላ ናርዶስ እስክትውጥ ድረስ ምራት ፊት ለፊቷ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሳህኑን ባዶውን ይዛ ነው የምትሄደው።

ከዚያ ልምምድ አስጀመረቻት። ናርዶስ ምራትን ሆነች፤ አንድ እጇን ቀጥ አድርጋ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ምሳ ይፈልጋሉ?»

ሄራን በሳቅ ፍርስ አለች። «አ... አ...»

«አዎ በይ! ሁለት ፊደል ናት!»

«አፌ እምቢ አለኝ ናርዲዬ። እንዴት ብዬ በመጀመሪያው? ለምግብ የሞትኩ ልምሰል?»

«በእውነት ሞተሽ ከምትገኚ!»

ለራሷ ለምራትም ልታስተምራት ሞክራለች። አንድ ቀን በር ላይ ያዘቻት። «ስሚ አንቺ፣ አይ ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትሂጂ። ‹በሞቴ› በያቸው። እምቢ ካሉሽ ‹አፈር ስሆን› በይ። በሦስተኛው ይበላሉ።»

ምራትም፣ «ስለ ሞት ማሰብ እያስጨነቀዎት ከሆነ ከአማካሪ ጋር ላገናኝዎት እችላለሁ» አለች። ያን ዕለት ከሰዓቱን በሙሉ ናርዶስ ትራስ ሥር የወፍ ድምፅ ሲንጫጫ ዋለ። ለማረጋጊያ ነው።

እንግዲህ የቀረው ቁጥጥሩ ነው። በዓመት አንዴ ሰው ይመጣል፤ ማሽን ያልሆነ፣ ሥጋና ደም ያለው። የነዋሪውን አያያዝ፣ አልጋውን፣ ቀለቡን ያያል፤ ጉድለት ካገኘ ዝውውር ማስቆም ሥልጣኑ ነው። የሄራን ዝውውር ቁጥጥሩ እንዳለቀ ተብሎ ተቀጥሯል። ናርዶስ ይሄን ስትሰማ ጉዳዩን በእጇ ያዘችው። አንድ በአንድ በየክፍሉ ዞረች።

«ሰዎች፣ ሴትየዋ ስትመጣ እውነቱን ንገሯት። ርቦናል በሏት። አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቁን በሏት።»

«እሺ» አሏት ሁሉም። ጋሽ ማክቤል ደረቱን መታ። ድሮ በወጣትነቱ በስልክ ቪዲዮ ላይ እየጨፈረ ከተማው በሙሉ ያወቀው ሰው ነው፣ ሰው ፊት መቆም አይፈራም። «እኔ አለሁ። ፊት ለፊት ነው የምነግራት» አለ። እሱም ከኪሎው ቀንሷል፤ ሱሪው በገመድ ነው የቆመው።

የቁጥጥሩ ጠዋት መጋረጃው ታጥቦ፣ ወለሉ ተወልውሎ ነጋ። ምራት ያን ቀን ብቻ ጥያቄዋን ተወችና በየአልጋው ራስጌ አንድ አንድ ትኩስ ዳቦ አስቀምጣ ሄደች። ለዓይን እንዲያምር ነው መሰለኝ። ሄራን ዳቦዋን አየችው፣ አሸተተችው፣ ከትራሷ ሥር ንጹሕ መሐረብ አውጥታ ጠቀለለችው።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አለች ናርዶስ።

«ለሴትየዋ ነዋ።»

«ለየትኛዋ ሴትዮ?»

«ለተቆጣጣሪዋ። እንግዳ እኮ ናት ናርዲዬ። ከሩቅ መጥታ አፏን ሳታስነካ ትሂድ?»

ናርዶስ ወደ በሩ ሄደች። ኮሪደሩን አሻግራ ብታይ ሶልያናም ጠቅልላለች፣ ጋሽ ማክቤልም ዳቦውን ሳህን ላይ አድርጎ በነጠላ ሸፍኖ፣ ወንበሩን በእጁ እየጠረገ ነው። ርቧቸዋል፤ ዳቦው ይሸታል፤ አንዱም አልቆረሰም።

ተቆጣጣሪዋ ኖላዊት ትባላለች። ልጅ እግር ናት፣ ትሁት ናት፣ እጇ ላይ የምታናግረው ቀጭን መስተዋት ይዛለች። በየክፍሉ ስትገባ ሁሉም ብድግ ብድግ አለ።

«አባቴ፣ የጎደለ ነገር አለ?» አለችው ጋሽ ማክቤልን።

ናርዶስ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ትገፋዋለች። ማክቤል ተቆጣጣሪዋን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ሳህኑን አየ። «ምን ይጎድላል ልጄ? እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በዪ እስቲ፣ ይሄንን ቅመሽልኝ።»

«አንተ ማክቤል!» አለች ናርዶስ በጥርሷ።

«ዝም በዪ፣ እንግዳ ፊት ነው» አላት በሹክሹክታ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ ነበር።

ሶልያናም እንዲሁ። ከሶልያና ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ። ቤታቸው ነዋ። ባይወዱትም የሚኖሩበት ቤት ነው፤ እንግዳ ፊት ቤትን ማዋረድ ደግሞ ራስን ማዋረድ ነው። ተቆጣጣሪዋ በእያንዳንዱ በር ስትወጣ መስተዋቷን ታናግራለች። «ነዋሪዎች የተረጋጉ ናቸው። ምግብ ተርፏቸው ለእንግዳ ያካፍላሉ።»

እነ ናርዶስ ክፍል ስትደርስ ሄራን ተቀምጣለች፣ ሻሿን አሥራ፣ መሐረቡን ጭኗ ላይ ዘርግታ። እንዴት እንደተቀመጠች አይጠየቅም፤ ናርዶስ ከኋላዋ ትራስ ደግፋላት ነው።

«ነይ ልጄ፣ ቁጭ በዪ። እንኳን ደህና መጣሽ። እስቲ ይቺን...»

«አይ፣ እናቴ፣ ይቅርብኝ፣ ጠግቤ ነው የመጣሁት» አለች ኖላዊት።

«ትንሽ ነገር ናት፣ በሞቴ!»

«አይ እናቴ፣ አይቸገሩ።»

«አፈር ስሆን! ለእኔ ብለሽ!»

ኖላዊት ሳቅ አለች፣ ዳቦውን ተቀበለች፣ አንዴ ገመጠችው።

ናርዶስ ይቺን ነበር የምትጠብቀው። ዘላ መሃል ገባች። «ያዝኩሽ! አየሽ? ሁለቴ እምቢ ብለሽ በሦስተኛው በላሽ!»

«ይቅርታ?»

«አንቺም የሰው ልጅ ነሽ፣ እናት አሳድጋሻለች ማለት ነው። እዚህ ያለውም ሁሉ እንዳንቺ ነው። ይሄ ጎማ ያላት አንዴ ብቻ ትጠይቃለች፣ እነሱ ለወጉ አይ ይላሉ፣ እሷ ትሄዳለች። ይለመኑ ነው የምልሽ! ሦስቴ ይለመኑ! ይቺን እያት፣ ጠግባ አይደለም አጥንቷ የወጣው። ዛሬ ማታ ወደ ላይኛው ፎቅ ሊያወጧት ነው። አስቁሚልኝ።»

ኖላዊት ማኘኳን አቆመች። ዳቦውን አየችው፣ ሄራንን አየቻት። የሄራን ቀለበት ላይ ያለውን ክር አየች። እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ የልጅቷ ፊት ተቀይሮ ነበር፤ ናርዶስ ዓይኗ አይዋሽም።

«እትዬ፣ ደጋግሞ መጠየቅ እኮ...» አለች ቀስ ብላ። «በደንቡ ማስገደድ ነው የሚባለው። ድሮ ሽማግሌዎች በግድ ሲመገቡ ስንት በደል ደርሷል። ማሽኗ ሁለቴ ብትጠይቅ ቤቱ ነጥብ ይቀነስበታል።» ከዚያ መስተዋቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ሄራን ጎንበስ አለች። «ግን እርሳቸው ራሳቸው ከነገሩኝ ማስቆም እችላለሁ። ወይዘሮ ሄራን፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ርቦዎታል?»

በር ላይ ጋሽ ማክቤል አለ። ሶልያና አለች። ሰው ተሰብስቧል። ሄራን ደግሞ በዕድሜዋ ሙሉ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ፊት ተጠይቃ አታውቅም። ርቦሻል ወይ! ለማኝ አይደለች። ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ናርዶስ ከኋላዋ ትከሻዋን ይዛታለች፤ አጥንቱ እጇ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል።

«በዪ» አለቻት። «በዪ ሄራንዬ። አዎ በዪ። ሁለት ፊደል።»

ሄራን ፈገግ አለች። ድሮ እንግዳ የምትሸኝበት ፈገግታዋ ነው። «ኧረ ተመስገን ልጄ፣ ምን ይርበኛል? ጠግቤ ነው ያደርኩት። እሷን አትስሚያት፣ ጨዋታ ትወዳለች።»

«ሄራን!»

«ኧረ አታሳፍሪኝ» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኖላዊት ቀና አለች። መስተዋቷን ስታየው ስለ ናርዶስ የተባለው ነገር ወጣላት መሰለኝ፣ ትከሻዋ ለቀቅ አለ፤ ተገላገለች። «እትዬ ናርዶስ ጨዋታ አዋቂ ናቸው ይላል እዚህም» አለች፣ ሳቅ ብላ። የገመጠችውን ዳቦ መሐረቡ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ። በጣም ይጣፍጣል።»

እፎይታ ቤት አንደኛ ደረጃ ወጣ። በር ላይ ሰማያዊ መብራት አበሩለት።

አመሻሽ ላይ የሄራን አልጋ በራሱ ጊዜ መንቀሳቀስ ጀመረ። ናርዶስ የአልጋውን ብረት ይዛ እስከ አሳንሰሩ ተከተለች። «እኔም ልሂድ» አለች። ምራት መለሰችላት፤ «ወደ ዕረፍት ፎቅ ጎብኚ አይፈቀድም። የሚገቡት ምግብ በፈቃዳቸው የተዉ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው።»

ሄራን ከትራሷ ቀና ለማለት ሞከረች። «ተቀየምሽኝ?»

«ተቀይሜሻለሁ።»

«ሂጂ በይ፣ እራትሽ ይበርድብሻል» አለች፣ በሩ ተዘጋ።

ናርዶስ ተመልሳ ባዶው ቦታ ላይ ቆመች። ኮመዲኖው ላይ መሐረቡ አለ። መሐረቡ ላይ ዳቦው አለ፤ የእንግዳዋ ጥርስ አንድ ጎኑ ላይ ጨረቃ የመሰለ ቦታ ወስዷል። ጠቀለለችውና ጡቷ መሃል ወሸቀችው። ከዚያ ቁጭ ብላ ምራት ያለችውን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ አገላበጠችው። ምግብ በፈቃዳቸው የተዉ ብቻ።

ጎማው ሲር እያለ መጣ። ምስር ነው፣ ቃሪያ ጣል ተደርጎበት፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«እራት ይፈልጋሉ?»

የመርካቶዋ ናርዶስ፣ ከዘጠኝ እጅ መሃል ቀድማ የምትዘረጋዋ፣ ምራቋን ዋጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። «አይ» አለች። «ይቅርብኝ፣ አትቸገሪ።»

ምራት ራሷ የደነገጠች መሰለች። «ምርጫዎ ተከብሯል።»

በማግስቱም ይቅርብኝ አለች። ከዚያም በኋላ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ብላው የማታውቀውን «ጠግቤያለሁ» ስትል ሰዉ አዲስ ቀልድ መስሎት መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ሳቁን ተወ። ጋሽ ማክቤል አንድ ከሰዓት የራሱን ቁራሽ እጁ ውስጥ ደብቆ መጣ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? በሞቴ፣ ይቺን።»

«አይ።»

«አፈር ስሆን!»

ናርዶስ እጁን ያዘችው። «ማክቤል፣ እኔ ሦስተኛውን መቋቋም አልችልም። እባክህ እንዳትለኝ» አለችው። ደረቷን መታ መታ አደረገች፣ ዳቦው ያለበትን። ማክቤል ገባው። ቁራሹን ወደ ኪሱ መለሰ። እንግዳ ፊት ስላስቀመጣት ሳህን ያን ቀን አለቀሰ ይላሉ፤ እኔ እንጃ፣ የሶልያና ወሬ ነው።

የናርዶስ አልጋ ጠርዝ ላይ ቢጫዋ በራች። ተመስገን አለች። እስከዚያ ድረስ ግን በየዕለቱ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ትጠይቅ ነበር፤ «ከላይ የወረደ አለ?» የወረደ አስከሬን ሲኖር ስሙን እስክትሰማ ትንፋሿን ትይዛለች። የሄራን አልነበረም።

ላይኛው ፎቅ መጋረጃው ወፍራም ነው፣ ሰው ያለ አይመስልም። አልጋ በተርታ። የሆነ ቦታ ክራር ለስለስ ብሎ ይሰማል። አልጋዋ እንደቆመ ናርዶስ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፤ ግድግዳውን ሳትለቅ ነው አንድ በአንድ ፊት ያየችው። ከጥጉ ላይ በክር የተጠመጠመ ቀለበት አገኘች። ጣቱ ከክሩ ይቀጥናል።

«ሄራንዬ።»

ዓይኗ ተከፈተ። ትንሽ ቆየና ሰው አወቀ።

ናርዶስ መሐረቡን ፈታች። ዳቦው ድንጋይ ሆኗል። ከጎን ባለው የጥጥ ማርጠቢያ ውሃ ነከረችው፣ በጣቷ ፈተፈተችው፣ ትንሽ ቆረሰችና ወደ ከንፈሯ አቀረበችላት። «ብዪ።»

«አይ...» አለች ሄራን። ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው ያለው። «ጠግቤያለሁ።»

ናርዶስ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያላት እምቢታ የለም። የመጀመሪያው ነው፤ በሕይወት አለች ማለት ነው።

«በሞቴ!»

ሄራን ዓይኗን ጨፈነች። ናርዶስ ጆሮዋን ከአፏ አስጠጋች። ረጅም ጊዜ ወሰደ።

«አንቺ... ብዪው።»

ከኮሪደሩ ጫፍ ጎማ ሲር አለ። ወደዚህ እየመጣ ነው። ናርዶስ ጉርሻውን ከሄራን ከንፈር ሳታነሣ፣ ሦስተኛውን ልትል አፏን ከፈተች።